በሩ ላይ የተፋቀው አርማ፦ የአሮጌ ናፍጣ መኪና ታሪክ

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ሀርድ ቶፕ ላንድክሩዘር አግኝቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?» አለኝ። ልጁ የማሾና የማሽላ ነጋዴ ነው። እህሉን የሚሰበስበው ክረምት ሲገባ አይሱዙ ከማይደርስባቸው የቆላ ቀበሌዎች ነው። ሊብሬውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። መኪናው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ የአክስቴ ልጅ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። የተጠየቀበት ዋጋ ደግሞ ልጁ ከነቤተሰቡ ከሚኖርበት ቤት ዋጋ ጋር የሚፎካከር ነው።

ሁለተኛው ፎቶ የበሩ ነበር። ነጩ ቀለም ሥር ክብ ነገር ይታያል፤ ድሮ የተለጠፈ፣ በኋላ ተፍቆ በላዩ ቀለም የተቀባበት የአንድ ድርጅት አርማ ነው። የማን እንደነበረ አይነበብም። እንደ እኔ ከሆነ ግን ስለዚህ መኪና ከሊብሬው ይልቅ ብዙ የሚናገረው ያ የተፋቀ አርማ ነው።

የመልሱን አጭር ክፍል በስልክ ነገርኩት። ረጅሙን እዚህ ልጽፈው ወደድኩ፤ ጉዳዩ የአንድ ነጋዴ ብቻ ስላልሆነ ነው። በዚህ አገር ገጠሩ የሚነዳው አሮጌ ናፍጣ መኪና መጀመሪያ የተገዛው ለገጠሩ ሰው አልነበረም። ጦር፣ መሥሪያ ቤት ወይም የእርዳታ ድርጅት ለራሱ ሥራ አስመጣው፤ ሠራበት፤ ሲያረጅ ሸጠው። ገጠሩ ሁልጊዜ ሦስተኛና አራተኛ እጅ ሆኖ ነው የሚወርሰው። ይህ የውርስ ሰንሰለት ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከላይ በኩል እየተዘጋ ነው። በምን እንደሚተካ ግን በቅጡ ተነጋግረን አናውቅም።

መኪናው ቀድሞ፣ መንገዱ ኋላ

አውቶሞቢል ኢትዮጵያ የገባው መንገድ ሳይኖር ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን አልፎ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደዷት። ነገር ግን ከተማዋ ውስጥ ከጥቂት መንገዶች በቀር መኪና የሚሄድበት ቦታ አልነበረም። መኪናው ቀድሞ መጣ፣ መንገዱ ኋላ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪካችን በአብዛኛው የዚህ ቅደም ተከተል ታሪክ ነው።

ናፍጣ በብዛት የመጣው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ጣሊያኖች የጦር ሠራዊታቸውን ለመቀለብና ለማንቀሳቀስ መንገድ ሠሩ። ከአስመራ ተነሥቶ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን መስመር ዘረጉ፤ ጣርማበር ላይ ተራራውን በዋሻ በሱት። የአክስቴ ልጅ ከተማ ኮምቦልቻም በዚያው መስመር ላይ ናት። በዚያ መንገድ ላይ ይመላለስ ከነበረው ጭነት መኪና ዝነኛው ፊያት 634 ነው፤ ሾፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት ነበር፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ሞተሩ ናፍጣ ነበር።

ወራሪው ተባሮ ሲወጣ ሁለት ነገር ጥሎ ሄደ፤ መንገዱንና የጋራዡን ቋንቋ። እስከ ዛሬ መካኒኩ ከጃፓን መኪና ሥር ተኝቶ በጣሊያንኛ ይሠራል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ጎማ። ጣሊያኖች ራሳቸው በተለምዶ የዚህን ሞተር ነዳጅ ናፍታ ይሉታል። የመጀመሪያው ውርሳችን ይሄ ነው። መኪናውም መንገዱም ቃሉም ለሌላ ሰው ዓላማ መጥተው እኛ ጋ ቀሩ።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት መንገዱን ራሱ መያዝ ነበረበት። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኢትዮጵያ መንገድ የሰጠው 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዚያው ተከትሎ በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ተጠገኑ፣ አዳዲሶችም ተከፈቱ። ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ ያለው አገር ግን የበቅሎና የአህያ መንገድ ሆኖ ቆየ። ለዚያ አገር ሌላ ዓይነት መኪና ያስፈልግ ነበር።

ከእርሻ የመጣው፣ ከጦርነት የመጣው

ያ መኪና ከሁለት ቦታ መጣ። አንደኛው ከእንግሊዝ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ የሚጠቀምባት አንድ የአሜሪካ ጦር ጂፕ ነበረችው። እሷን የሚተካ መኪና ራሱ አሠራ፤ ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበ። ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። በችግር የተመረጠው አሉሚኒየም በኋላ የመኪናው መልካም ስም ሆነ፤ አካሉ አይዝግምና። የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው።

ሁለተኛው ከጃፓን ነው። የኮሪያ ጦርነት በተጀመረ ማግሥት ቶዮታ ከጭነት መኪና የተወሰደ የቤንዚን ሞተር ገጥሞ «ጂፕ ቢጄ» የተባለ መኪና ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1951 የፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣበት። ጂፕ የሚለው ስም የአሜሪካኖች ንብረት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ። በ1960 40 የሚባለው ትውልድ መጣ፤ በ1970ዎቹ ናፍጣ ሞተር ገባለት። በ1984 ደግሞ 70 የሚባለው ትውልድ ተጀመረ፤ እኛ ሀርድ ቶፕ የምንለው የዚህ ቤተሰብ ነው። ይኸው ትውልድ በመጠኑ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይመረታል።

የአክስቴ ልጅ ያገኘው መኪና ውስጥ ያለው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ዋን ኤች ዜድ ነው። 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ኮምፒውተር የሌለው። ይህን ሞተር ለመረዳት ናፍጣ እንዴት እንደሚሠራ ማስታወስ ይጠቅማል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ አሠርቶ ያሳየው ሐሳብ ቀላል ነው፤ አየርን በጣም ከጨመቅከው ይግላል፣ በጋለው አየር ላይ ነዳጅ ከረጨህ ራሱ ይቀጣጠላል። ካንዴላ የለም፣ ብልጭታ የለም። ወንዝ ሲሻገር ውኃ ነክቶት የሚጠፋ እሳት የለም። በአሮጌው ዓይነት ነዳጁን የሚለካው በጥርስና በምንጭ ብረት የሚሠራ ፓምፕ ነው፤ አንድ ጥሩ መካኒክ ከነመሣሪያው ከፍቶ ሊያየው ይችላል። የዛሬዎቹ ናፍጣ ሞተሮች ግን ነዳጁን በኮምፒውተር ትእዛዝ፣ በእጅግ ከፍተኛ ግፊት ይረጫሉ። ትንሽ ይበላሉ፣ ትንሽ ያጨሳሉ፤ ነገር ግን ከበርሜል የተቀዳ፣ ውኃና አቧራ የተቀላቀለበት ናፍጣ ሲቀርብላቸው ይታመማሉ። ሕመማቸውን ለማወቅም ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

አሮጌው ናፍጣ ተፈላጊ የሆነው እንግዲህ ከአዲሱ ስለሚሻል አይደለም። ከመንገዱ፣ ከነዳጁና ከጋራዡ ጋር ስለሚግባባ ነው። ይህን በበረሃም አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የቻድ ወታደሮች በቶዮታ ፒክአፕ እየተወነጨፉ ታንክ የነበረውን የሊቢያ ጦር ስላሸነፉት ጦርነቱ «የቶዮታ ጦርነት» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ከነዳጅ አድማ እስከ ድርቅ

በእኛ አገር የነዳጅ ዋጋ መንግሥት የሚነካካው ነገር መሆኑን ያስተማረን የካቲት 1966 ነው። ከዓረብና እስራኤል ጦርነት በኋላ የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲወጣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የመምህራኑ፣ የተማሪዎቹና የወታደሮቹ ጥያቄ አብሮ ተደርቦ ንጉሣዊው ሥርዓት በመስከረም 1967 ወደቀ። አብዮቱን ያመጣው ነዳጅ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት ሁሉ ግን ያንን የካቲት አልረሱትም። ለብዙ ዓመታት ነዳጅ በድጎማ የተሸጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ።

በደርግ ዘመን ነዳጅ በኩፖን ይታደል ነበር። የሶቪየት ዋዝና ኡራል ወደ ሠራዊቱ ገቡ። የግል ሰው አዲስ መኪና የሚገዛበት በር ጠበበ፤ የነበረው መኪና እየተጠገነ ኖረ። የኢትዮጵያ መካኒክ ያረጀውን በሌላ ያረጀ ዕቃ የማኖር ጥበቡን ያዳበረው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል።

ከዚያ የ1977ቱ ድርቅ መጣ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየውን ረሃብ ተከትሎ እህል ጫነ፤ ከእህሉ ጋር የእርዳታ ድርጅቶች መኪኖች መጡ። ጭነቱን ከባድ መኪና ወሰደ፤ ሐኪሙን፣ ነርሱንና መዝጋቢውን ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ወደ መጠለያውና ወደ ቀበሌው የሚያደርስ ደግሞ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ሆነ። ወሎ ውስጥ ያደገ የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ነጭ ላንድክሩዘር ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው እርዳታ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ለእርዳታ ድርጅቶችና ለተባበሩት መንግሥታት ሥራ የሚሆን ላንድክሩዘር እያዘጋጀ የሚልክ ማዕከል ጂብራልታር ላይ ተቋቁሞ ይሠራል። ይህ መኪና በዓለም ድሃ ገጠር የተስፋፋው በከፊል በገበያ፣ በከፊል ደግሞ በችግር ተጠርቶ ነው።

የጨረታ ውርስ

የተፋቀው አርማ ታሪክ እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ መኪናውን ከቀረጥ ነፃ ያስገባል። ለተወሰነ ዓመት ይሠራበታል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ወይም መኪናው ሲደክም በሐራጅ ይሸጠዋል፤ ቀረጡ ይከፈላል፤ አርማው ይፋቃል። መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ያረጀውን በጨረታ ያስወግዳሉ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ጋራዥ አስገብቶ ያሳምረዋል፤ ሞተር ያስከፍታል፤ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ ይለቅምለታል። ከዚያ በደላላ በኩል ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል። የቡና ነጋዴው፣ የማሾ ነጋዴው፣ የሠርግና የሐዘን ሰው የሚያመላልሰው ሾፌር ይገዛዋል።

መኪናው ቀበሌው ሲደርስ ለመጣበት ሥራ አይሠራም። እህል ይጭናል፣ ሙሽራ ይወስዳል፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ለማዳረስ ሲነሣም የመረጠው ብዙ ጊዜ ይኸንኑ ሀርድ ቶፕ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ከተዘረፉትና ከወደሙት የጤና ንብረቶች መካከል ብዙ አምቡላንሶች ይገኙበታል። አምቡላንስ በሌለበት ወረዳ የነጋዴው አሮጌ መኪና አምቡላንስ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

መንገዱም ቢሆን አልተሻሻለም ማለት አይቻልም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ብዙው የጠጠርና የወረዳ መንገድ ነው፤ ክረምት ሲገባ የሚቆራረጥ፣ ጥገና የሚጠብቅ። በካርታ ላይ መንገድ አለ፤ በነሐሴ ግን ፎርዊል ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ሦስት ውሳኔዎች

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። ከ30 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ለምን ቤት ያህል አወጣ? በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተወሰኑ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የምንዛሪው ለውጥ ደግሞ በላያቸው ተደረበ።

የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ነው። አዋጁ ያገለገለ መኪናን በዕድሜው ቀጣው። ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለና ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አውቶሞቢል እስከ 500 በመቶ ታክስ ተጣለበት። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ አገሪቱ የዓለም አሮጌ መኪና መጣያ አትሁን። ውጤቱ ግን ሁለት ነበር። አሮጌ መኪና ከውጭ መግባቱ ቀነሰ፤ አስቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ደግሞ ተወደደ። ታክሱ ያረፈው ገና በሚገባው ላይ ነው፤ ትርፉ የሄደው ቀድሞ ለያዘው ነው።

ሁለተኛው የነዳጅ ድጎማው መነሣት ነው። በግንቦት 2014 አንድ ሊትር ናፍጣ ከ36 ብር በታች ነበር። ሐምሌ 2014 ላይ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር 49 ብር ገባ። ያን ጊዜ ሌላም ነገር ሆነ፤ ለዘመናት ከቤንዚን የሚረክሰው ናፍጣ ከቤንዚን በለጠ። በጥር 2017 ናፍጣ 99 ብር ገደማ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። «ናፍጣ ርካሽ ነው» የሚለው የአባቶቻችን ምክር እዚህ ላይ አበቃ።

ሦስተኛው በጥር 2016 የተሰማው ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ ነው። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ የምናቃጥለው ነዳጅ ሁሉ ተጣርቶ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ያገለገለ መለዋወጫ እንኳ የሚመጣው በዶላር ነው።

እነዚህን ደምራችሁ እዩት። የሚገባው ቀነሰ፣ የነበረው አረጀ፣ ዕቃው ተወደደ፣ ፍላጎቱ ግን አልቀነሰም። የአክስቴ ልጅ የሚከፍለው ለብረቱ አይደለም። የሚከፍለው ላልተሠራው መንገድና ለተዘጋው በር ነው።

ጭሱን አንርሳ

የመንግሥትን ወገን ሳልሰማ ብቀር አድልዎ ይሆንብኛል። አሮጌ ናፍጣ ያጨሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጦ መድቦታል። ጠዋት ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ቆሞ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። የኤሌክትሪክ ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ነዳጃችን ግን የተገዛ ነው። ከተማ ውስጥ በቀን 50 እና 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ኤሌክትሪክ መኪና ትክክለኛ መልስ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ሌላ ነው። ውሳኔው የተወሰነው በአዲስ አበባ አስፋልት ልክ ነው፤ የሚሠራው ግን በመላ አገሪቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለተዘጋው መኪና ምትክ አለ። ባቲ፣ ወረኢሉ ወይም ወግዲ ገጠር ለሚነዳው ግን ቻርጅ የሚያደርግበት ጣቢያ ይቅርና ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ መብራት ማግኘትም ችግር ነው። ገጠሩ ሲወርስ የኖረው ከተማውና ድርጅቱ የጣለውን ነው ብያለሁ። ከተማው ከአሁን በኋላ የሚጥለው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከሆነ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ገጠሩ የሚወርሰው ባትሪው የደከመ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ የከተማ መኪና ነው። ይህ መኪና ደግሞ ምጥ የያዛትን እናት ጭቃ አያሻግርም።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት

በስልክ ያልኩትን ደግሞ ለሚጠቅመው ሰው ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ወረቀቱን አልኩት። የድርጅት መኪና ከነበረ ቀረጡ መከፈሉን አረጋግጥ፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና ገዝቶ ስም ማዞር አይቻልም። የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር በዓይንህ አስተያይ።

ከዚያ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረስ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት እንዳይጠብቅህ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርገህ እይ። በብርድ ሲነሣ ትንሽ ቢያጨስ ግድ የለም። ሞቆም ጥቁር ጭስ ካላቆመ ነዳጁ በልክ አይረጭም ወይም የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ነጩ ካልጠፋ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውኃ አለ። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ክፈት፤ በኃይል እየተነፈሰ ከወጣ ፋሻው አልቋል ማለት ነው፤ የሞተር ሥራ ይጠብቅሃል። ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ከታየ ተወው። መኪናው ሥር ገብተህ ሻንሲውን በመዶሻ አንኳኳ፤ የተበየደበትን ፈልግ። የፊት ጎማዎቹ ውስጠኛ ክፍል በቅባት ከራሰ ጎማ መያዣው ላይ ያሉት መዝጊያዎች አልቀዋል፤ ይህ የዚህ መኪና የታወቀ በሽታ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ከዋጋው ላይ ቀንስ። ፎርዊሉንና ከባዱን ማርሽ ጭቃ ላይ አስገብተህ ሞክር፤ አስፋልት ላይ አይታወቅም።

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ሻጩ «በቅርብ ነው» ካለ አልተቀየረም ብለህ ያዝና መጀመሪያ እሱን ቀይር፤ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን ይጎዳዋል። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር፤ ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ይጠጣል፤ ዘይት የቆጠበ ሞተር ይገዛል። የናፍጣ ፊልትሮውን ውኃ በየጊዜው አፍስስ፤ በተለይ ከበርሜል ከቀዳህ በኋላ።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራንለት። ይህ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ያህል ይበላል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 49 ሊትር መሆኑ ነው። በግንቦት 2014 ዋጋ 1,700 ብር ያህል ነበር፤ በጥር 2017 ዋጋ 4,800 ብር ያህል ሆነ፤ ዛሬ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ለመመላለስ አትግዛው፤ በአውቶቡስ ና። ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው ወርደህ ሌላው መኪና የማይወጣበትን እህል የምታወጣበት ከሆነ ብቻ ይከፍልሃል። ስትገዛውም ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ሳታስቀምጥ ኪስህን ባዶ አድርገህ አትግዛው።

ዝም አለና «ታዲያ ልግዛው?» አለኝ። «ሰነዱ ንጹሕ ከሆነና ሻንሲው ካልተነካ ግዛው፤ የቆላ መንገድ እስኪሠራልህ ድረስ ሌላ የሚተካው የለህም» አልኩት።

ምን ይደረግ?

ውሳኔው ይሻር አልልም። ሦስት ነገር ግን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ለሥራ የሚሆን የገጠር መኪና ከከተማ አውቶሞቢል ተለይቶ ይታይ፤ ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም። ሁለተኛ፣ አሮጌውን በደህና ለማኖር የሚያስፈልገው መለዋወጫ ማለትም ፊልትሮ፣ የፓምፕ ዕቃ፣ የነዳጅ መርጫው ጫፍ እንደ ቅንጦት አይቀረጥ። በደንብ የተስተካከለ አሮጌ ሞተር ከተበላሸው ያነሰ ያጨሳል፣ ያነሰ ዶላር ያቃጥላል። ሦስተኛ፣ የወረዳ አምቡላንስ ምትክ ዕቅድ በይፋ ይነገረን፤ ያረጁት በስንት ዓመት፣ በምን ዓይነት መኪና ይተካሉ?

የአክስቴ ልጅ መኪናውን ገዛው። የተፋቀውን አርማ አላስቀባውም። የቆላው ሰው አርማውን ሲያይ እርዳታ መጣ ብሎ ይሰበሰባል አለኝ፤ ከዚያ ማሾ ገዢ መሆኑን ሲያውቁ ይሳሳቃሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌሊት ሁለት እናቶችን ጤና ጣቢያ አድርሷል፤ ሁለቱም በሰላም ተገላግለዋል።

ቸር ይግጠመን።